በቀይ ክር የተሰፋች ቀንድ አውጣ

ውድ ቀጭኔ፣

ይህን የምጽፍልሽ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ፣ በዚያም ላይ ወንበር ደግፌበት ነው። ቀን ነው። ውጭ ጥሩ ፀሐይ አለ፤ አከራዬ እትዬ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጡ ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ። እኔ ግን ሰው ቤት እንደገባ ሌባ ትንፋሼን ውጬ ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ አንዲት መጣፊያ ማሽን አለች። የራሴ ናት፤ ገዝቻታለሁ። ካመጣኋት ወዲህ ግን እጀታዋን አንድ ዙር እንኳ አላዞርኩም። ድምጿን ታውቂዋለሽ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ግድግዳ አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል። ያንን ድምፅ ከሌላ ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ ሰው በዚህ በኩል ቢያልፍ ሥራ መጀመሬን ያውቃል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ለአንቺ መንገር የለብኝም።

"ውድ" ብዬ ስጀምር እጄ አመንትቷል። ሰርዤው ነበር፤ መልሼ ጻፍኩት። ለምን እንደመለስኩት እያነበብሽ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል። እስከዚያው ግን እንደተቆጣሁብሽ አትርሺ። ፈርቼ ስለምጽፍ ቁጣዬ የበረደ እንዳይመስልሽ። ፍርሃትና ቁጣ አንድ ላይ ይኖራሉ፤ እኔ ዘንድ ተከራይተው ከተቀመጡ ሰንብተዋል።

እንዴት እንደተዋወቅን ታስታውሻለሽ? ሕግ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ ፍለጋ ስዞር ጫማዬ አለቀ። ላስጠግን የገባሁት እናንተ ዘንድ ነበር። የተቀበልሽኝ አንቺ ነሽ። ጫማዬን አገላበጥሽና "ይሄ ሶል ብዙ ደጅ ጠንቷል" አልሽኝ። ሳቅኩ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ጫማ ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርኩ። የጫማ ጥገናው ቤት ባለቤት፣ እኛ በስውር "ጌትዬ" የምንለው፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር "እኔ ቤት ጫማ የምትቀበለው የሕግ ምሩቅ ናት" እያለ ይኮራብኝ ነበር። አንቺ "ምሁር" ብለሽ ስም አወጣሽልኝ። እኔም አንገትሽን አይቼ "ቀጭኔ" አልኩሽ። ተካካስን።

መጣፊያ ማሽን ላይ ያስቀመጥሽኝም አንቺ ነሽ። "በሌላው ማሽን ቆዳውን ታዞሪያለሽ" አልሽኝ። "በዚህችኛዋ ግን ቆዳው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የሚዞረው የማሽኗ እግር ነው። ጫማ ውስጥ ገብታ በፈለግሽው አቅጣጫ ትሰፋለች። ሁሏ ግን እኩል አይደለችም፤ የልጅ ጫማ የማይገባባት አለች፤ አንዳንዷም ስትዞር ታነክሳለች።" ማነከሷ በምን እንደሚታወቅ ስጠይቅሽ ቁራጭ ቆዳ አመጣሽ። ከላይ ቀይ ክር፣ ከታች ነጭ ክር አደረግሽ። ከዚያ መርፌውን ከቆዳው ላይ ሳታነሺ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እየጠቀለልሽ ቀንድ አውጣ ሰፋሽልኝ። ቀዩ ከታች ብቅ ካላለ፣ ነጩም ከላይ ካልታየ፣ ክሯ ተመጣጥኗል። ቀለበቶቹ የትም ቦታ ካልሰፉና ካልጠበቡ እግሯ ጤነኛ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ማሽን የሚሞክረው ቀጥ ያለ መስመር ሰፍቶ ነው። ቀንድ አውጣ የምትሰፊው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ሠራተኛው ይስቅብሽ ነበር፤ ጌትዬም ሳይቀር "ቀጭኔ ዛሬም ከብቶቿን አሰማራች" ይል ነበር።

ከዚያ የመጋዘኑ ቀን መጣ።

ይቺን አንቀጽ ከመጀመሬ በፊት ተነስቼ መቀርቀሪያውን እንደገና ነካክቼ ተመልሻለሁ። ጌትዬ ለገበር የሚሆን ቆዳ አምጪ ብሎ ላከኝ። ተከትሎኝ ገባ። በሩን ዘጋው። እጁ የት የት እንደደረሰ አልጽፍልሽም። ስምሽን ጠርቼ ጮህኩ፤ "ቀጭኔ!" ብዬ። በአንቺ ማሽንና በመጋዘኑ መካከል ያለው አንድ ሳንቃ ነው። ማሽንሽ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል እሰማው ነበር፤ ስምሽን ስጠራ ቆመ። መቆሙን ሰምቻለሁ። መጣችልኝ ብዬ ነበር። ማንም አላንኳኳም። እጄ ከመደርደሪያው ላይ ያገኘውን አነሳ፤ ያገኘው ፎርማ ነበር፣ ያ ጫማ የሚወጠርበት የእንጨት እግር። ቅንድቡ ላይ አሳረፍኩለት።

ስንወጣ ቀድሞ የጮኸው እሱ ነው። መሐረብ ግንባሩ ላይ ይዞ፣ "ቆዳ ስትሰርቅ ያዝኳት፤ ጭራሽ መታችኝ!" አለ። ሥራ ሁሉ ቆመ። እኔ ወደ አንቺ ዞርኩ፤ እሱም ዞረ።

"አንቺ እዚሁ ነበርሽ። ምን አየሽ?"

"እኔ ምንም አላየሁም ጋሼ። ክር እያጠነጠንኩ ነበር።"

የተማርኩት የሕግ አንቀጽ ሁሉ ከጭንቅላቴ ሲጠፋ ያቺ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀርታለች። ክር እያጠነጠንኩ ነበር! የመጣፊያ ማሽን ቦቢን፣ ያቺ የታችኛው ክር የሚጠነጠንባት፣ ምን ያህል እንደሆነች ያሳየሽኝ ራስሽ አይደለሽም? የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፤ ገና ሳይጀምሯት ትሞላለች። እኔ እዚያ ውስጥ ሆኜ እስክወጣ ድረስ ስታጠነጥኚ ከነበርሽ፣ ክሩ አልጋ ልብስ ይወጣው ነበር።

"በዚህ ከተማ ወስፌ የሚያስይዝሽ ሰው ካገኘሽ ስሜን ቀይሪው" አለኝ ጌትዬ በሩ ላይ። ስሙን ከቀየርነው እንደቆየን አያውቅም። ያን ቀን ግን አልሳቅኩም። አንቺም ቀና ብለሽ አላየሽኝም። ያ ረጅም አንገት ያን ቀን አጠረ።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃትን እንደ ሙያ ተማርኩት። ድንጋጤ ማለቴ አይደለም፤ ድንጋጤ መጥቶ ይሄዳል። ፍርሃት የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ጠዋት ከአልጋሽ ሳትወርጂ ትጀምሪዋለሽ። መስኮቱን በጨርቁ ቀዳዳ ታያለሽ። የጌትዬን የመሰለ ነጭ ፒክአፕ ባየሽ ቁጥር ታርጋውን ታነቢያለሽ። ዳቦ ልትገዢ ስትወጪ በአንዱ መንገድ ሄደሽ በሌላው ትመለሻለሽ፤ ዳቦ ሻጩ እንኳ "ምነው፣ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ሆንሽ እንዴ?" ብሎ ቀልዶብኛል። ሰው ሲስቅ ከኋላዬ ከሆነ፣ እኔን ይመስለኛል።

የተከራየሁት ክፍል በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ የሚከፈት ነው። የተከራየሁትም ለዚያ ነበር፤ ጫማ ጠጋኝ በሩ መንገድ ላይ ካልሆነ ማን ያየዋል ብዬ። አሁን የምፈራው ያንኑ በር ነው። አንድ ጠዋት ስከፍተው ደፉ ላይ ፎርማ ተቀምጦ አገኘሁ። ያው ፎርማ ነው። ተረከዙ ላይ የተፈለጠች ቦታ አለችው፤ እጄ ያውቃታል። ወረቀት የለው፣ መልእክት የለው። አፍንጫውን ወደ እኔ አዙሮ ዝም ብሎ ተቀምጧል። አነሳሁትና አልጋዬ ሥር ከተትኩት፤ ፊት ያለው ይመስል ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ያን ቀን ከቤት አልወጣሁም።

ሻንጣዬን አውጥቼ ነበር። ወደ እናቴ ልመለስ፣ "ሥራ አልተመቸኝም" ልበል ብዬ። ልብሴን ካጣጠፍኩ በኋላ ተናደድኩ። አጥፊው እሱ፣ ተሰዳጇ እኔ? ልብሴን አንድ በአንድ አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት። ጫማ መጠገን እችላለሁ። ወስፌም፣ ማስቲሽም፣ መቁረጫም አለኝ። የጎደለኝ ማሽን ነው። በእጅ መስፋት ሶል ላይ ይሆናል፤ የልጅ ጫማ ጫፍ ውስጥ፣ የቦት ቁርጭምጭሚት ላይ፣ የቦርሳ ጥግ ላይ ግን ያለ መጣፊያ ማሽን ሰው አይኖርም። ያለኝ ገንዘብ ደግሞ ለአንድ ማሽን ይበቃል፤ ለአንድ ስህተት ግን አይበቃም። የምገዛት ማሽን የማትሆን ከሆነች የጌትዬ ቃል ተፈጸመ ማለት ነው፤ ያኔ ያን ሻንጣ መልሼ የማወጣው በእውነት ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ባለ መስታወቱ የማሽን ሱቅ ነው። ሻጩ ጠረጴዛውን እያበሰ "እንኳን ደህና መጣሽ እኅቴ" አለኝ። መጣፊያ ማሽን ስለው እጁ ቆመ።

"የት ነበር የምትሠሪው?"

ነገርኩት። ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠው።

"ይቅርታ አድርጊልኝ እኅቴ። ስልክ ተደውሎልኛል። ከሰውዬው ጋር ብዙ እንገበያያለን።"

"ምን ብሎ ደወለ?"

"ነገሩን አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። የሕግ ምሩቅ ከመጣች አትሽጥላት ነው ያለኝ።" ትንሽ አሰብ አደረገና፣ "ደግሞ እውነቴን ነው፣ የሕግ ምሩቅ ማሽን ልትገዛ ትመጣለች ብዬ አላመንኩትም ነበር" አለ።

ሁለተኛውም ሱቅ ያው ነው። ሦስተኛው ጭራሽ እንዳልገባ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ቀጭኔ፣ ግድግዳ ሲጠጋሽ ታውቂያለሽ? ከተማው እየጠበበ መጥቶ ትከሻዬን የነካኝ መሰለኝ።

የቀሩት ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አሮጌ ማሽን የሚሸጡት ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። እጃቸው ከማሽን ዘይት ስለማይጸዳ ሰው ሁሉ አባ ዘይት ነው የሚላቸው።

"ምን ልርዳሽ ልጄ?"

"መጣፊያ ማሽን፤ ረከስ ያለች።"

"ረከስ ያለማ ሁሉም ይፈልጋል። ለምን ሥራ?"

"ለጫማ። ለቦርሳም። የልጅ ጫማ ውስጥ መግባት አለባት።"

ቀና ብለው አዩኝ። አንዲት አረንጓዴ አዲስ ማሽን አሳዩኝ። ታብረቀርቃለች፤ ዋጋዋም እኔ ከያዝኩት ጋር ይገጥማል። ከቦርሳዬ የያዝኩትን አሮጌ የልጅ ጫማ አውጥቼ በክንዷ ላይ አጠለቅኩት። መሃል ላይ ደርሶ ተቀረቀረ።

"ክንዷ ወፍራም ነው" አልኩ።

"ለቦርሳ ግን ጥሩ ናት።"

"ቦርሳማ ጠፍጣፋ ነው፤ በየትኛውም ይሰፋል።"

ሁለተኛዋ አሮጌ፣ ከባድ፣ ክንዷ ቀጭን ነበረች። ክሩን አባ ዘይት ራሳቸው አስገቡልኝ። ወደ ፊት ስሰፋ ስፌቱ እንደ ጥርስ ተደረደረ። ደስ አለኝ። ወደ ጎን ሳዞራት ግን አንዱ ስፌት ረዘመ፣ ሌላው አጠረ። ታነክሳለች። ውስጧ ያለው ብረት ተበልቷል።

በዚያች ቅጽበት ከውጭ ነጭ ፒክአፕ ቆመ።

የተማርኩት ሁሉ ጠፋ። ከዚያ ቦታ መውጣት ብቻ ነበር የፈለግኩት፤ አንድ ነገር ይዤ መውጣት። "አረንጓዴዋን ጠቅልሉልኝ" አልኩ።

"አልሸጥልሽም" አሉኝ አባ ዘይት።

"ለእርስዎም ተደውሎልዎታል?"

"ማን ይደውልልኛል? ስልኬ ከሞተ ቆይቷል። አሁን ክንዷ ወፍራም ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ከመቼው ቀጠነ?"

ከፒክአፑ አንድ ወጣት ወርዶ የሽንኩርት ጆንያ ማራገፍ ጀመረ። ታርጋውን አነበብኩ፤ የእሱ አይደለም። አባ ዘይት ግን እኔን እንጂ መኪናውን አላዩም። "ሳትሞክሪ ልትገዢ ነው" አሉ። "ፈርተሻል።" ከዚያ ተነስተው ጥግ ላይ ከነበረች ማሽን ላይ ጆንያ ገፈፉ።

ቀለሟ ተላልጧል። የእጀታዋ እንጨት ጠፍቶ በቆዳ ተጠቅልሏል። ለሰርግ የምትሆን አይደለችም። እግሯ ሥር ግን ቁራጭ ቆዳ ተቀርቅሯል፤ ቁራጩ ላይ ደግሞ በቀይ ክር የተሰፋች ቀንድ አውጣ።

አገላበጥኩት። ከታች ነጭ ብቻ፤ ከላይ ቀይ ብቻ። ቀለበቶቹ ከዳር እስከ መሃል እኩል ናቸው።

"ይቺ የማን ናት?"

"ተይዛለች።"

"ለማን?"

"የልጅ ጫማ ይዛ ለምትመጣ ልጅ።" አባ ዘይት ዝቅ ብለው ተቀመጡ። "አንዲት ረጅም ልጅ በእረፍቷ ቀን እየመጣች ማሽኖቼን ፈትታ ስትጠርግልኝ ከረመች። ይቺን መረጠች። ውስጧ ሸካራ ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰቻት። ገንዘብ ልስጥሽ ስላት እንቢ አለች፤ 'ከዋጋዋ ላይ ቀንሱላት፣ ለሌላ ሰውም አትሽጧት' አለችኝ። እኔስ ጋ ትመጣለች ወይ ስላት፣ 'ሌላውን ሁሉ ሰውዬው ደውሎ ዘግቶባታል፤ ስልክ የሌለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት' አለችኝ።"

"ሌላስ?"

"'ሳትሞክር ጠቅልሉልኝ ካለችዎት አይሽጡላት፤ ፈርታ ነው' አለችኝ።" ጭንቅላታቸውን አከኩ። "አንድ ነገር ደግሞ ንገሩልኝ ብላኛለች፤ እኔ አልገባኝም። 'ቦቢኑ ሙሉ ነበር' በሏት አለች። የትኛው ቦቢን እንደሆነ እንጃ። ሱቅ ውስጥ ያለውን ሁሉ አየሁ፤ አንዱም ሙሉ አይደለም።"

አባ ዘይት አለቀሰች ብለው ነግረውሽ ከሆነ ውሸት ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ለእኔ ማለት የነበረብሽን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሽማግሌ ተናገርሽው! ያን ቀን፣ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃኝ። ከዚያ አንቺ ቆርቆሮ ሥር ጎንበስ ብለሽ፣ በእረፍትሽ ቀን፣ ብረት በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሺ ታየሽኝ። ጌትዬ አውቆ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግሽ እንደነበር አሰብኩ። የምትቀመጪው ከዚያ ሳንቃ ጎን ነው፤ አሁንም። እኔ በሌለሁበት ቤት ውስጥ ቆዳ አምጪ እየተባለች የምትላከው ማን ናት? ማሽኗን ታክሲ ላይ አስጭኜ ስመጣ ለራሴ ብቻ አልነበረም የፈራሁት።

ስለዚህ ነው ድምጿን ያላሰማሁት። ማሽኗን ካየ

እዚህ ላይ በሩ ተንኳኳ፤ ብዕሬን ጣልኩት። የሚቀጥለውን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጽሕፈቴ ስለተንጋደደ ይቅርታ።

ያንኳኩት እትዬ ነበሩ። ማሰሪያው የተበጠሰ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። "ልጄ፣ ይሄን ብረት ያመጣሽው ልታጌጪበት ነው እንዴ? ነይ እስኪ ይቺን ስፊልኝ" አሉኝ። እንቢ የምልበት ምክንያት ፈለግኩ። አጣሁ። አልጋዬ ሥር ጎንበስ ብዬ ፎርማውን አወጣሁ፤ ጫማቸውን ወጥሬበት የማሰሪያውን ልክ ያዝኩ። በሩ እንደተከፈተ ቀረ። ተቀመጥኩና እጀታዋን አዞርኩ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

እንዴት ያለች ማሽን መሰለችሽ! ማሰሪያው ላይ ዞራ ስትመለስ አንድም አላዘለለችም። ለትንሽ ጊዜ መፍራቴን ረሳሁ። እትዬ በርጩማው ላይ ተቀምጠው "እሰይ፣ እሰይ" ይላሉ። ከዚያ ብርሃኑ ጠፋ። ቀና ስል ጌትዬ በሩን ሞልቶ ቆሟል።

ቅንድቡ ላይ ጠባሳው አለ። እሱ እኔን አላየም። ያየው ማሽኗን ነው።

"ጥሩ ማሽን ናት" አለ። "ምሁር፣ አንቺ አልመረጥሻትም። ይቺን የመረጠ ሰው ያውቃል። ማን መረጠልሽ?"

የሞትኩት ያኔ ነው። ከማሽኗ ጋር ያመጣኋት ቀንድ አውጣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች፤ ቀይ ሆና፣ ክብ ሆና፣ ከእጁ አንድ ክንድ ርቃ። ያቺን ካየ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ከብቶችሽን ያውቃቸዋል። እጄን ወደ እሷ ባፈጥን ያያል። ብተዋት ያያል።

የእትዬን ጫማ ከማሽኗ ላይ አውጥቼ፣ ለሙከራ ይዤው የዞርኩትን የልጅ ጫማ አነሳሁ። ጫፉ የተቀደደ ነው። ቁራጩን ያለ ችኮላ፣ እንደ ማንኛውም መጣፊያ፣ ቀይዋን ወደ ውስጥ አድርጌ ጫማው ውስጥ ከተትኩት። ክንዷ ላይ አጠለቅኩና መስፋት ጀመርኩ።

"ጠየቅኩሽ እኮ!" ድምፁ ከፍ አለ። "ማን ነው የረዳሽ? ማን መጣ እዚህ?"

"እኔ ምንም አላየሁም ጋሼ" አልኩት። "ክር እያጠነጠንኩ ነበር።"

ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ዓረፍተ ነገሯን አውቋታል፤ ከማን አፍ እንደሰማት፣ መቼ እንደሰማት። ያን ጊዜ ደስ ብሎት ነበር የሰማት። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ እጀታዋን አላቆምኩም፤ ብቆም እጄ ሲንቀጠቀጥ ያየኝ ነበር።

"አንተ ሰውዬ!" አሉ እትዬ ከበርጩማው ላይ። "የሚሰፋ ጫማ ካለህ አውልቅና ወረፋ ያዝ። ከሌለህ ከብርሃኑ ላይ ዘወር በልልን፤ የኔ ጫማ ነው የሚዘገየው።"

"እርስዎን አይመለከትም፣ እናቴ።"

"ቤቱ የኔ ነው፤ ጫማውም የኔ ነው። ሌላ ምን የማይመለከተኝ ቀረ?" አልተነሱም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ጎረቤት!" ብለው ሲጣሩ ከማዶ አንድ ሁለት ሰው ብቅ አለ።

ጌትዬ ሰዎቹን አየ። ከዚያ እኔን። "እንተያያለን" አለ። መኪናው እስኪነሳ ድረስ ሰፋሁ። ከሄደ በኋላም ሰፋሁ። እትዬ መጥተው እጄን ከእጀታው ላይ ሲያላቅቁት ነው ያቆምኩት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። "ማን ነው?" አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርኩ፤ መጋዘኑን፣ ሳንቃውን፣ ሁሉን። ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ "በፎርማው የመታሽው እንዴት ቅንድቡን ብቻ ሆነ?" አሉኝ። ሳቅኩ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። አሁን ግን ይህን የምነግርሽ እኔ ነኝ፤ ከእኔ የሰማሽው እውነት ነው።

ይህ ደብዳቤ በአባ ዘይት እጅ ይደርስሻል። ከሱ ጋር የልጅ ጫማ አለ። ውስጡን ገልብጠሽ እይው፤ ቀንድ አውጣሽ እዚያ ናት። ከላይ ያለውን የኔን ስፌትም እይ። ከተረከዙ በኩል ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ጫፉ ጋ ሲደርስ ይጠማዘዛል። እዚያ ላይ ነው እሱ አንድ እርምጃ የገባው። ማሽኗ አላነከሰችም፤ እኔ ነኝ። መፍራቴን ልደብቅሽ ብል እንኳ ስፌቱ ይናገርብኛል። መርፌውን ግን አላነሳሁም፤ እሱንም ይነግርሻል።

ፎርማውን ደጄ ላይ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ? መሣሪያ እንዳይጎድለኝ ብለሽ? ከሆነ ምናለ አንኳኩተሽ ቢሆን! እሱ ከሆነም አላውቅም፤ አባ ዘይትም አያውቁም። ማንም ያምጣው፣ አሁን ከአልጋ ሥር ወጥቷል። የእትዬ ጫማ ተወጥሮበታል።

ይቅር አላልኩሽም። "ውድ" ማለትና ይቅር ማለት አንድ አይደለም፤ አንቺ ለእኔ ውድ ነሽ፣ ዕዳሽም አለ። ጌትዬ ቢጠይቅሽ ምን እንደምትመልሺ አንቺ ታውቂያለሽ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን እኔ ወስጃታለሁ፤ ከእንግዲህ አትጠቀሚባትም። ከሳንቃው ጀርባ ሌላ ስም ሲጠራ ብትሰሚ፣ ማሽንሽን ብታቆሚ አይበቃም፤ ተነሺና በሩን ክፈቺ። ቦቢኑ ሙሉ እንደነበረም አንድ ቀን በራስሽ አፍ፣ ሰው ፊት፣ እኔ አጠገብሽ ቆሜ ትናገሪያለሽ። ክሱን እጽፋለሁ፤ የተማርኩትን አልረሳሁትም።

እኔ አሁንም እፈራለሁ። እሱ "እንተያያለን" ካለ ይመጣል። ወንበሩን ግን ከበሩ ላይ አንስቼ ማሽኗ አጠገብ አድርጌዋለሁ። ባዶ ነው። ማሽኗን የምታውቂያት ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ፤ ሥራውም ለሁለት ይበቃል። የምትመጪ ከሆነ በቀን ነይ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ድምጿን ተከትለሽ ታገኚኛለሽ።

ስትገቢ ብቻ አንገትሽን ጎንበስ አድርጊ፤ በሬ ዝቅ ያለ ነው።

ምሁር